የድሀ ቀብር ዋጋ፦ ዕድር እንዴት ይሠራል? የትስ ላይ ይደክማል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል ከቀረበው ንግግር ተገልብጦ ለንባብ የተዘጋጀ)



ስለ ሞት በሃይማኖት መጻሕፍትም በፍልስፍናም በሥነ ጽሑፍም እጅግ ብዙ ተብሏል። ስለ ቀብር ወጪ ግን በእንዲህ ያለ አዳራሽ እምብዛም አንነጋገርም። ጉዳዩ ዝቅ ያለ፣ የሒሳብና የድንኳን ነገር ይመስለናል። እኔ ግን አንድ ኅብረተሰብ ለድሆቹ ያለውን እውነተኛ አክብሮት ከሚለኩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ዕለት ሠርቶ ዕለት የሚበላ ቤተሰብ፣ ሟቹን በክብር ቀብሮ፣ ለቅሶ ደራሹን እንደ ወጉ አስተናግዶ፣ ዕዳ ሳይሸከም ወደ ኑሮው መመለስ የሚችለው እንዴት ነው? በአገራችን ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው ዋና መልስ ዕድር ነው። ዛሬ ዕድርን ላወድስ ወይም ልወቅስ አልቆምኩም። አሠራሩን ላስረዳ፣ የሚደክምበትን ላመለክት፣ መላ ይሆናል የምለውን ላቀርብ ነው።

ቀብር ከሌላው ወጪ በምን ይለያል?

ሰው ቤት ሲሠራ ወይም ልጅ ሲድር ጊዜውን ይመርጣል፤ ካልሞላለት ያዘገየዋል። ቀብር ጊዜ አይሰጥም። ውሳኔው በሰዓታት ውስጥ የሚወሰን ነው፤ ወሳኙም ያዘነ ሰው ነው። ያዘነ ሰው ሳጥን ቤት ገብቶ ዋጋ አይከራከርም። ቢከራከር እንኳ ሟቹን ያሳነሰ ይመስለዋል። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ፤ የወጪውን ልክ የሚወስነው የሐዘንተኛው ኪስ ብቻ ሳይሆን የተመልካቹ ዓይንም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ወጪው የሚመጣው ገቢው በተቋረጠበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሟቹ የቤቱ ምሰሶ ከነበረ ደመወዙ አብሮት ሄዷል። ለረጅም ጊዜ ታሞ ከነበረም ጥሪቱ በሕክምና አልቋል። ስለዚህ ቀብር በድሀ ቤት ላይ ሁለተኛ አደጋ ሆኖ ይወርዳል።

ወጪውን በሦስት ከፍለን ብናየው ነገሩ ይጠራልናል። አንደኛው ሥርዓተ ቀብሩ ራሱ ነው፦ መግነዙ፣ ሳጥኑ፣ መጓጓዣው፣ የመቃብሩ ቦታና ቁፋሮው፣ ፍትሐቱ። ሁለተኛው ለቅሶው ነው፦ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ እስከ ሰልስት ድረስ ለሚመጣው ሰው የሚቀርበው እህልና ውኃ። ሦስተኛው መታሰቢያው ነው፦ አርባው፣ ተዝካሩ፣ ሙት ዓመቱ። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ሟች ታጥቦ፣ በከፈን ተጠቅልሎ፣ ሳይውል ሳያድር ስለሚቀበር፣ ሳጥንም ስለማያስፈልግ የመጀመሪያው ወጪ ዝቅተኛ ነው። ለቅሶ ደራሽ ማስተናገድ ግን በእነርሱም ቤት አለ። ይህን ክፍፍል ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው «ቀብር አደኸየን» ሲል ብዙ ጊዜ ያደኸየው አፈር የማልበሱ ወጪ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በደቡብ አፍሪቃ ኩዋዙሉ ናታል ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የሞቱ ከ3,700 በላይ ሰዎችን ቀብር የመረመሩት አን ኬዝና ባልደረቦቻቸው፣ ለአንድ አዋቂ ሰው ቀብር በአማካይ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ጥቁር ደቡብ አፍሪቃዊ መካከለኛ የዓመት ገቢ ጋር የሚስተካከል መሆኑን አሳይተዋል። በአሜሪካ የቀብር አስፈጻሚዎች ብሔራዊ ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ መሠረት፣ የስንብት ሥርዓት ያለው የመቃብር ቀብር መካከለኛ ዋጋ 8,300 ዶላር ነበር፤ ይህም የመካነ መቃብሩን ወጪ ሳይጨምር ነው። በዚያው አገር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ደንብ ቀብር አስፈጻሚዎች ዋጋቸውን ዘርዝረው ለጠያቂው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ደንቡ የወጣው ቀደም ብዬ ባነሣሁት ምክንያት ነው፤ ያዘነ ገዢ ደካማ ገዢ ስለሆነ።

አንድ የጥንት ዕድር

ድሆች ለዚህ ችግር መላ ለማበጀት መንግሥትንም ባንክንም አልጠበቁም። ከሮም ከተማ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ላኑቪየም በ136 እ.ኤ.አ. በድንጋይ ላይ የተቀረጸ የአንድ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ተገኝቷል። ተማሪዎቼ ሲያነቡት ይሥቃሉ፤ የሰፈራቸውን ዕድር ደንብ ያነበቡ ይመስላቸዋልና። መግቢያው 100 ሴስተርቲየስና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን ጠጅ ነው። ወርኃዊ መዋጮው 5 አስ ነው። አባሉ ሲሞት ለቀብሩ 300 ሴስተርቲየስ ይወጣል፤ ከዚያ ውስጥ 50ው ለቀብሩ ለተገኙት ይከፋፈላል። አባሉ ከከተማዋ ከ20 ማይል በላይ ርቆ ቢሞት ሦስት ሰዎች ተልከው ቀብሩን ያስፈጽማሉ፤ የመንገዳቸውም ይከፈላቸዋል። መዋጮውን ሳይከፍል የቆየ አባል ግን መብት የለውም።

ከአባላቱ መካከል ባሮች ነበሩ። ደንቡ፣ የባሪያው ጌታ በክፋት ሬሳውን አልሰጥም ቢል ማኅበሩ ያለ ሬሳ የቀብር ሥርዓት እንዲፈጽምለት ያዛል። በሕይወቱ የራሱ ያልነበረ ሰው በሞቱ የማኅበሩ ሰው ሆኖ እንዲሸኝ ማለት ነው። ሒሳቡን እንመልከት፤ 4 አስ አንድ ሴስተርቲየስ ስለሆነ የዓመቱ መዋጮ 15 ሴስተርቲየስ ይሆናል። 300 ለመሙላት አንድ ሰው ብቻውን 20 ዓመት መቆጠብ ነበረበት። ሞት ደግሞ 20 ዓመት አይታገሥም። የመረዳጃ ማኅበር ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው፤ በጊዜ ርዝማኔ የማይገኘውን ጥሪት በሰው ብዛት ያስገኛል።

ማኅበር በማይኖርበት ወይም በሚላላበት ጊዜ የሚሆነውን ደግሞ የእንግሊዝ ታሪክ ያሳየናል። በ1832 እ.ኤ.አ. የወጣው የአናቶሚ ሕግ፣ ጠያቂ ወገን ያልቀረበላቸውን የድሀ ማደሪያ ሟቾች ሬሳ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ለሠራተኛው መደብ «የድሀ ቀብር» የሚለው ቃል ከረኃብ ይልቅ የሚያስፈራ ሆነ። ብዙ ቤተሰብ ከምግቡ ቀንሶ በየሳምንቱ ሳንቲም ለቀብር ማኅበርና ለመድን ድርጅት ይከፍል ጀመር። በቤት ለቤት ሰብሳቢ የሚሠራው የንግድ መድን ግን ሁለት ጉድለት ታየበት። የመዋጮው ትልቅ ክፍል ለሰብሳቢውና ለአስተዳደሩ ይውል ነበር፤ ሥራ ያጣ ቤተሰብ ጥቂት ሳምንት ሲያቋርጥም ለዓመታት የከፈለው ሁሉ ይቀርበት ነበር። ይህን ሁለተኛ ጉድለት ልብ እንበለው፤ ወደ እኛው አገር ስንመለስ እናገኘዋለን።

ዕድር በምን ኃይል ይሠራል?

የዕድር አመጣጥ አጥኚዎችን ያከራክራል። አንዳንዶች በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ከገቡት የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ መስፋፋቱም ተጽፏል። አሉላ ፓንክረስትን የመሳሰሉ አጥኚዎች ይህን ታሪክ መርምረዋል። የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ሳያስበው ለሰፈር ዕድር ዕድሜ ሰጥቶታል። የቀበሌ ቤት ኪራዩ አነስተኛ ስለነበረ ተከራዩ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነቃነቅ በአንድ ሰፈር ኖረ። ጎረቤት ሳይለወጥ ሲቆይ መተማመን ይጸናል፤ ዕድርም የሚቆመው በመተማመን ላይ ነው።

ዛሬ የሰፈር ዕድር አለ፤ የሴቶች ዕድር አለ፤ የመሥሪያ ቤት ዕድር አለ፤ የአገር ልጆች ዕድር አለ፤ የቤተሰብ ዕድር አለ። እኔ ራሴ እንደ አብዛኞቻችሁ የሁለት ዕድር አባል ነኝ። ስቴፋን ደርከን፣ ዮአኪም ደ ቬርት፣ ቴሳ ቦልድና አሉላ ፓንክረስት በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ኢትዮጵያንና ታንዛኒያን ያነጻጸረ ጥናት፣ እነዚህ ማኅበራት የተጻፈ ደንብ፣ የታወቀ መዋጮ፣ የተወሰነ ክፍያና ቅጣት ያላቸው መሆናቸውን አሳይተዋል። ዕድር በልማድ የመጣ ደግነት ብቻ አይደለም፤ በሚገባ የታሰበበት መድን ነው።

ነገር ግን ዕድር ከመድን ድርጅት የሚለይበት ነገር አለ። የሚሰጠው ሦስት ዓይነት ሀብት ነው። የመጀመሪያው ጥሬ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ዕቃ ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ። ሦስተኛው ጉልበት ነው፤ ጡሩምባ የሚነፋው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሬሳ የሚሸከመው፣ ወጥ የሚሠራው፣ ሐዘንተኛው ቤት የሚያመሸው። እነዚህን አገልግሎቶች በገበያ ልግዛ የሚል ቤተሰብ ብዙ ያወጣል። አብሮ መቀመጡን ግን በምንም ዋጋ አያገኘውም። የዕድር ርካሽነት ምሥጢር አባላቱ አንዳቸው ለሌላቸው ያለ ደመወዝ መሥራታቸው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተመረጡ ምሳሌዎች ናቸው። 200 አባወራ ያለው ዕድር በወር 50 ብር ቢሰበስብ በዓመት 120,000 ብር ያገኛል። በዓመት በአማካይ 8 ሰው ይሞታል፣ ለእያንዳንዱ ሞት 10,000 ብር ይከፈላል እንበል። ወጪው 80,000 ብር ነው፤ 40,000 ብር ለድንኳን ጥገና፣ ለዘበኛና ለመጠባበቂያ ይተርፋል። በዚያው መዋጮ፣ በዚያው የሞት መጠን፣ 40 አባወራ ብቻ ያለውን ትንሽ ዕድር ደግሞ እናስብ። ገቢው 24,000 ብር ነው። በአማካይ በዓመት የሚሞትበት ሁለት ሰው እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የተደላደለ ይመስላል። ነገር ግን ሦስት ሰው በአንድ ዓመት ቢሞትበት 30,000 ብር ይፈለግበታልና ይጎድለዋል። ሞቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ያልተያያዙ ናቸው ብለን በይሁንታ ስሌት ብናየው፣ ትንሹ ዕድር ከአምስት ዓመት ገደማ በአንዱ ይጎድለዋል፤ ትልቁ ግን ከ16 ዓመት ገደማ በአንዱ ብቻ። የሰው ብዛት ራሱ ሀብት ነው ማለት ነው።

ተማሪዎች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዕድር ለቀብር ይህን ያህል ከሠራ፣ ለሕክምናስ ለምን አልሠራም?» መልሱ በሞት ጠባይ ውስጥ ነው። ሞት ይታያል፤ አስመስሎ ማምጣት አይቻልም። መድን አለኝ ብሎ ማንም አይሞትም። ለእያንዳንዱ ሞት የሚከፈለው ገንዘብም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ሕመም ግን ይደጋገማል፤ ልኩ አይታወቅም፤ ወጪውን ሐኪሙና ታማሚው ይወስኑታል። ስለዚህ ጎረቤት ጎረቤቱን ለመቆጣጠር የሚቀለው በቀብር ላይ ነው። ይህን ድንበር ማወቅ፣ «ዕድር የልማቱን ሁሉ ችግር ይፍታ» ከሚል የዋህ ምኞት ይጠብቀናል።

የሚደክምበት ቦታ

ዕድር ድሀን ያቅፋል፤ ከሁሉ የደኸየውን ግን አንዳንድ ጊዜ ከደጅ ይመልሳል። ይህ የሚሆነው አባላቱ ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ከአሠራሩ ጠባይ ነው።

የመጀመሪያው በር መግቢያው ነው። አንድ ዕድር በዓመታት ብዛት ድንኳን፣ ወንበር፣ አዳራሽና የባንክ ተቀማጭ ያፈራል። የ200 አባላት ንብረት 600,000 ብር ቢገመት የአንዱ ድርሻ 3,000 ብር ይሆናል። ነባሮቹ አዲስ ገቢውን «ድርሻህን ክፈል» ቢሉት ፍትሕ ነው። ነገር ግን ለጎጆ ተከራይ፣ ለቀን ሠራተኛ፣ ለቤት ሠራተኛ 3,000 ብር የ60 ወር መዋጮ ነው። ዕድሩ ባደገ ቁጥር በሩ ይጠብባል። ከተማ ውስጥ ዕድር የሌለው ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትናንት የመጣው፣ ቤት የሚቀያይረው፣ በሰው ቤት የሚያድረው ነው። ዕድር ከሁሉ የሚያስፈልገውም እርሱ ነው።

ሁለተኛው ውዝፍ ነው። ሳይከፍል የቆየ አባል ይሰረዛል። ደንቡ አስፈላጊ ነው፤ አለበለዚያ ሰው ሞት ሲቃረብ ብቻ እየከፈለ ማኅበሩን ባዶ ያስቀረዋል። ነገር ግን ደንቡ እምቢ ያለውንና ያጣውን አይለይም። በማውቀው አንድ ሰፈር ልብስ አጥባ የምትተዳደር ሴት ታማ ሥራ ባቆመችበት ጊዜ መዋጮዋ ተቋርጦ ከመዝገብ ተፋቀች። ጥቂት ቆይቶ እናቷ ሞቱ። ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ መጣ፤ ጎልማሶች ሬሳውን ተሸከሙ። ድንኳኑ ግን በዕድሩ መጋዘን ተቆልፎ ቀረ። ጸሐፊው ቅን ሰው ነበሩ፤ «ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሕጉ ነው» አሏት፤ እያዘኑ ነው ያሉት። በዚያው ምሽት ሰዎች ከኪሳቸው እያዋጡ ቀብሩን አስፈጸሙላት። ያን ዕለት የተዋጣው ገንዘብ ከውዝፏ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከሰብአዊነት አንጻር ብቻ ሳይሆን ከሒሳብ አንጻርም ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ይህ ያሳያል፤ ሰፈሩ ትንሹን እፎይታ ነፍጎ ትልቁን ወጪ ከፈለ። እርሷ ግን በዚያ የደረሰባትን እፍረት ማንም አልከፈለላትም።

ሦስተኛው ቅጣት ነው። ቀብር ላይ ያልተገኘ ይቀጣል። የወር ደመወዝተኛ ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል። የቀን ሠራተኛ ግን የመጣ እንደሆነ የቀን ገቢውን ያጣል፤ የቀረ እንደሆነ ይቀጣል። አንዱ ደንብ በሁለት ሰው ላይ ሁለት ዋጋ አለው።

አራተኛው የዋጋ ንረት ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በደንብ ላይ 10,000 ብር ተብሎ የተጻፈ ክፍያ፣ ዋጋ በየዓመቱ 30 በመቶ ቢጨምር፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የመግዛት አቅሙ ወደ 4,550 ብር ይወርዳል። ደንቡ ሳይሻሻል ክፍያው ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ የዕቃውና የጉልበቱ ጥበብ ይታያል፤ ድንኳን በዋጋ ንረት አያንስም፤ የጎረቤት ትከሻም እንደዚያው። ሁሉን ነገር በጥሬ ገንዘብ ብቻ እናድርገው የሚሉ ዘመናዊ አሳቦች ይህን ጋሻ አውልቀው እንዳይጥሉት እሰጋለሁ።

አምስተኛው መፈናቀል ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት በዕጣ ሲታደል፣ ነባር ሰፈሮችም ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ የአንድ ዕድር ሰው ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተበተነ። ድንኳን ይጓዛል፤ ጉልበት ግን ርቆ አይጓዝም። አንዳንዱ ለነባር ዕድሩ እየከፈለ ለቀብር ረጅም መንገድ ይመላለሳል፤ አንዳንዱ ትቶ በአዲሱ ሰፈር ከዜሮ ይጀምራል፤ መግቢያም ዳግመኛ ይከፍላል። ለቤቱ ካሳ ወይም ምትክ ሊሰጠው ይችላል፤ ለሃያ ዓመት ያዋጣበት ዕድር ግን በየትኛውም የካሳ ስሌት አይቆጠርም።

ስድስተኛው ጅምላ ሞት ነው። ቀደም ብዬ ያሳየሁት ስሌት የሚሠራው ሞቶች ካልተያያዙ ነው። በኤችአይቪ ዘመን በከተሞቻችን ሞት በተከታታይ በአንድ ሰፈር ሲወርድ የዕድሮች ካዝና ተፈትኗል። ያን ጊዜ አንዳንድ ዕድሮች የሞተን ከመቅበር አልፈው የታመመን መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ይህ ከደግነትም በላይ አስተዋይነት ነበር፤ በሕይወት የቆየ አባል መዋጮ ይከፍላልና።

ምን ይደረግ?

ሕጉ ዕድርን በአብዛኛው ለራሱ ትቶታል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001ም፣ እርሱን የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነት ወሰናቸው ውጭ አድርገዋል። ይህ ነጻነት ሊጠበቅ ይገባል። ዕድር የመንግሥት ቅርንጫፍ የሆነ ቀን አባሉ ድንኳኑን የእኔ ማለት ያቆማል። ስለዚህ የማቀርባቸው አሳቦች በቅድሚያ ለዕድሮች ራሳቸው የቀረቡ ናቸው።

አንደኛ፣ መግቢያ በየወሩ ተከፋፍሎ ይከፈል። 3,000 ብሩ በ30 ወር ቢከፈል በወር 100 ብር ነው። አዲሱ አባል ድንኳኑንና ሰዉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያግኝ፤ የጥሬ ገንዘቡ መብት ግን ከስድስት ወር በኋላ ይጀምር። እንዲህ ሲሆን የነባሮቹ ድርሻ ይጠበቃል፤ ሊሞት ሲል የሚገባውም ይገታል፤ ድሀውም በደጅ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የእፎይታ መጠባበቂያ ይኑር። በምሳሌያችን ዕድር ከእያንዳንዱ አባል መዋጮ በወር 1 ብር ተለይቶ ቢቀመጥ በዓመት 2,400 ብር ይሆናል፤ ይህም የአራት ችግረኛ አባላትን የሙሉ ዓመት መዋጮ ይሸፍናል። ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንዳጣ የሰፈር ሰው ያውቃል፤ መድን ድርጅት የማይችለውን ይህን ማጣራት ዕድር ያለ ወጪ ይችለዋል።

ሦስተኛ፣ የቀን ሠራተኛ በቀብሩ ሰዓት መገኘት ባይችል በማምሸት ወይም ድንኳን በማፍረስ ግዴታውን ይወጣ። ጉልበት በሰዓት አይወሰን።

አራተኛ፣ የክፍያው መጠን በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ይታይ፤ መዋጮውም አብሮ። ክፍያን ሳያሻሽሉ መዋጮን ዝቅ አድርጎ ማቆየት ለድሀ የታዘነ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን በሞቱ ቀን ባዶ እጁን ማስቀረት ነው።

አምስተኛ፣ ዕድሮች ይደጋገፉ። ትንሹ ዕድር ከአምስት ዓመት በአንዱ እንደሚጎድለው አይተናል። አምስት ትንንሽ ዕድሮች እያንዳንዳቸው ስማቸውንና ድንኳናቸውን እንደያዙ የጋራ መጠባበቂያ ቢያቋቁሙ የትልቁን ጥንካሬ ያገኛሉ። በዚያው ኅብረት ውስጥ ሰፈር የሚለቅ አባል የመሸኛ ወረቀት ይዞ ሄዶ፣ የከፈለው መግቢያ በሚቀበለው ዕድር ዘንድ ሊታሰብለት ይችላል። የከተማ አስተዳደሮችም ነዋሪን ሲያዛውሩ የአንድ ዕድር ሰዎች በአንድ አካባቢ እንዲሰፍሩ ቢያስቡበት፣ በገንዘብ የማይተመን ሀብት ከመበተን ያድናሉ።

ስድስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ የለቅሶና የተዝካር ወጪ ልከኛነት። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ድግሱን ቢቀንስ «ሟቹን አዋረደ» ይባላል። መላው ዕድር በአንድ ቀን በደንቡ ቢወስን ግን የሚታማ ሰው የለም። ይሉኝታ የጋራ በሽታ ነውና መድኃኒቱም የጋራ ነው። ልከኛነቱ ግን ከባለጸጋው ይጀምር፤ ድሀው የሚለካው በእርሱ ድግስ ነውና።

ከአገር ውጭ ስላሉት ወገኖቻችንም አንድ ቃል ልጨምር። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዕድርን ይዘው ሄደዋል፤ በዚያ አገር የቀብር ዋጋ ፊት ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዓረብ አገሮች በየሰው ቤት ተበታትነው የሚሠሩ እኅቶቻችን ግን ሰብስቦ የሚያቆማቸው ሰፈርም፣ የዕረፍት ቀንም ብዙ ጊዜ የላቸውም። ከመካከላቸው አንዷ ስትሞት አስከሬኗን ወደ አገሯ የመመለሱ ወጪ ልጇ በላከችው ገንዘብ ስትኖር በነበረች እናት ላይ እንዳይወድቅ፣ የሥራ ውሉም መድኑም ከመነሻው ሊያስብበት ይገባል። የአገር ቤት ዕድር መርዶ ሲመጣ ድንኳን ይጥላል፤ ባሕር ተሻግሮ ሬሳ ማምጣት ግን አቅሙ አይደለም።

ክቡራን አድማጮቼ፤ የላኑቪየም ባሮች ሬሳቸውን እንኳ ቢነፈጉ የሚያለቅስላቸው ማኅበር ነበራቸው። በእኛ ከተሞች ዛሬ፣ ቤታችንን የምታጸዳው፣ ሕንጻችንን የሚገነባው፣ ሸክማችንን የሚሸከመው ሰው እንዲህ ያለ ማኅበር አለው ወይ? እዚህ የተቀመጥን ሁላችን የአንድ ወይም የሁለት ዕድር አባላት ነን፤ በጠቅላላ ጉባኤም ድምፅ አለን። ለምርምር የሚሆን ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎችም ሥራው ቅርብ ነው፤ የየሰፈራችሁን ዕድር ደንብ አንብቡ፤ ስንት ሰው እንደተመዘገበ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው እንደተሰረዘና ለምን እንደተሰረዘ ጠይቁ።

 አሁን መድረኩን ለጥያቄና ለውይይት እለቃለሁ።